«ኡስታዝ፣ ምን ልብላ?»



ከላላ ያስተማርኩት አንድ ልጅ ዛሬ ስዊድን ይኖራል። በቅርቡ ሲደውልልኝ አስቀድሞ ያነሣው ስለ ሥራም ስለ መኖሪያ ፈቃድም አልነበረም። «ኡስታዝ፣ እዚህ ምን ልብላ?» አለኝ። ሦስት ወር ሙሉ በዳቦና በእንቁላል ከርሟል። የሥራ ባልደረቦቹ ምሳ ሲጋብዙት እምቢ ይላል፤ ምክንያቱን እንዳያስረዳ ቋንቋው ገና ነው። እነርሱም የናቃቸው መስሏቸው መጋበዙን ትተዋል።

ይህን ስሰማ ሐሳቤ ወደ ስዊድን ሳይሆን ወደ ከላላ ሄደ። በእኛ አገር ክርስቲያን ጎረቤት ልጁን ሲድር በጉን ከነነፍሱ ለሙስሊም ጎረቤቱ ያስረክባል። የሚያርደውም፣ ወጥ የምትሠራውም፣ ድስቱም የሙስሊም ነው። እኛም ስንደግስ ለክርስቲያኑ እንዲሁ እናደርጋለን። ድስቱ ሁለት፣ ዳሱ አንድ። የክርስቲያኖቹ ጾም ከሆነማ ሽሮውን አብረን እንበላለን። «ሥጋዬን አልበላህልኝምና ናቅኸኝ» የሚል የለም። ከተማ ስንወጣም የሥጋ ቤቱ ምልክት ጨረቃ ወይም መስቀል ነው፤ አይቶ መግባት ነው። ልጁ ለምን እንደማይበላ ተጠይቆ ስለማያውቅ መልስም አላዘጋጀም። መምህሩ እኔ ነበርኩና ጥፋቱ የእኔም ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳ 5ኛ አንቀጽ የመጽሐፉ ሰዎች ምግብ ለሙስሊሞች የተፈቀደ መሆኑን ይገልጻል። ታዲያ አባቶቻችን የክርስቲያን እርድ ለምን አይበሉም? ብዙ ወጣት ይህን ይጠይቀኛል። መልሱ ከፊሉ ታሪክ ነው። በአገራችን የሌላውን ሥጋ መብላት ሃይማኖትን እንደ መለወጥ ይቆጠር ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አጼ ዮሐንስ 4ኛ የወሎን ሙስሊም ክርስትና ተነሣ ብለው ሲያስገድዱ፣ ሥጋው የእምነት ድንበር ሆነ። ሼኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈርን የመሰሉ ዑለማእ በተቃወሙበት በዚያ ዘመን አልበላም ማለት አልካድኩም ማለት ነበር። ክርስቲያኑም በበኩሉ የእኛን አይበላም።

በምዕራቡ ዓለም ግን ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። ሼኽ ዩሱፍ አልቀርዳዊ እ.ኤ.አ. በ1960 በታተመው ስለ ሐላልና ሐራም በጻፉት መጽሐፍ ጉዳዩን ሰፋ አድርገው አይተውታል። ሌሎች ዑለማእ ደግሞ ከብቱ በስለት መታረዱና ደሙ መፍሰሱ ካልተረጋገጠ አይበላም ይላሉ። እኔ ለራሴ ወደ ጥንቃቄው አዘነብላለሁ፤ በመጀመሪያው የሄደውን ግን ሐራም በላ አልለውም።

የስዊድን ጉዳይ ደግሞ ይለያል። በዚያ አገር ከብት ሳይደነዝዝ እንዳይታረድ የሚከለክለው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው፤ ሙስሊም ስደተኛ በብዛት ከመግባቱ በፊት ማለት ነው። ያን ጊዜ ሕጉ የነካው አይሁዶችን ነበር። ስለዚህ እዚያ ሐላል ተብሎ የሚሸጠው ሥጋ ወይ ከውጭ የመጣ ነው፣ ወይ ከብቱ ደንዝዞ ሳይሞት የታረደ ነው። በዚህኛው ላይም ዑለማእ ይለያያሉ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ.) አባል አገሮች ማደንዘዝን ማስገደድ እንደሚችሉ በቤልጂየም ጉዳይ ወስኗል።

ከዚህ ክርክር የተነሣ ብዙ አውሮፓዊ ሐላል ማለት ከብት ማሠቃየት ይመስለዋል። ቢላው የተሳለ እንዲሆንና እንስሳው እንዳይጉላላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማዘዛቸውን የነገረው የለም። «ለሌላ አምላክ የታረደ ነው» የሚልም አለ፤ ዐረብ ክርስቲያኖችም ፈጣሪን «አላህ» ብለው እንደሚጠሩ ቢያውቅ ይገርመው ነበር።

የእኛ ልጆችም የራሳቸው ስሕተት አላቸው። አንዱ አሳማ የለበትም ከተባለ ሁሉን ይበላል፤ ከረሜላው ውስጥ ያለው ጄላቲን ከአሳማ ቆዳ ሊሠራ እንደሚችል አያስብም። ሌላው እንደ ተማሪዬ ሁሉን ይሸሻል። ዓሣው፣ ምስሩ፣ አትክልቱ፣ ወተቱ ምን አደረጉ?

ይህንኑ ነገርኩት። «ስለ ሥጋው የመስጊድህን ኢማም ጠይቅ። ባልደረቦችህን ግን አንተ ጋብዝ» አልኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ደወለ። ምስር ወጥ ሠርቶ ወስዶላቸዋል። አንዷ እንባዋ እስኪፈስ በርበሬው አቃጥሏት ደግማ ጨልፋለች። በሚቀጥለው ዓርብ ዓሣ ያመጡለታል። ለእናቱ መልእክት ሰጥቶኛል፤ በርበሬው አልቆበታል።