ተጨማሪ መረጃ፦ ያረጀ ሲንክሮናይዘር
ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ትገኛለች፤ ከሞምባሳ ወደብ ጭኖ የሚወጣ የጭነት መኪና 480 ኪሎ ሜትር ያህል ማርሽ እየቀያየረ ይደርሳል። የዚህ ሁሉ ቅያሪ ጫና የሚያርፈው ካምቢዮ ውስጥ ባሉ፣ ሲንክሮናይዘር በሚባሉ ቀጫጭን የነሐስ ቀለበቶች ላይ ነው። ቀለበቱ ከማርሹ ሾጣጣ አንገት ጋር ተፋትጎ ፍጥነታቸውን ያስተካክላል፤ ፊቱ ሲበላ ግን መያዝ ያቅተውና ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል። በተለይ ማርሽ ሲቀነስ «ክርርር» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ፍሪሲዮኑና ዘይቱ ይታዩ። በሚገባ የማይለቅ ፍሪሲዮን ያንኑ ድምፅ ያወጣል። ጂኤል-5 የተባለው ዘይትም በአንዳንድ ካምቢዮዎች ነሐሱን ሊበላ ስለሚችል አምራቹ ያዘዘው ብቻ ይሞላ።

መለዋወጫ እስኪገኝ ሾፌሩ ፍሪሲዮን ሁለቴ ይረግጣል፦ ረግጦ ፎሌ ያደርጋል፣ ለቆ ነዳጅ ይሰጣል፣ ዳግም ረግጦ ዝቅተኛውን ማርሽ ያስገባል። በናይሮቢ ኪሪንያጋ መንገድ ካሉት የመለዋወጫ ሱቆች ያገለገለ ቀለበት የሚገዛ ሰው ማርሹን ይዞ ይሂድ፤ ቀለበቱን አንገቱ ላይ ተጭኖ በመካከላቸው የሚቀረውን ክፍተት ይለካ። ክፍተት የሌለው ቀለበት ቢያብረቀርቅም አይረባም። ጥርሱ በተሸረፈ ማርሽ ላይ አዲስ ቀለበት መግጠምም ገንዘብ ማባከን ነው።