ፋይል በተለወጠ ቁጥር የሚነቃ ፈታኝ

የድጓን ዜማ በየአድባራቱ ሲማር ኖሮ ለምስክር ወደ ጋይንት ቤተልሔም የወጣ ደቀ መዝሙር፣ በመምህሩ ፊት ቃሉን ከነምልክቱ እያዜመ፣ በሳተበት ቦታ ሁሉ ወዲያው እየታረመ፣ ምስክርነቱን እስኪቀበል ድረስ የድጓ መምህር ለመባል እንደማይበቃ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ነውና፣ ዛሬ የማስተዋውቀው የኮምፒዩተር ፈታኝ ጠባዩ እንግዳ አይሆንበትም።

ይህ ፈታኝ የሚያገለግለው በፓይተን ቋንቋ ፕሮግራም የሚጽፈውን ሰው ነው። ጸሓፊው አንድ ሥራ ብቻ የምትሠራ ትንሽ ፈንክሽን ይጽፋል፤ በአጠገቧም «ይህ ቁጥር ሲሰጣት ያንን ትመልስ» የሚል ፈተና ያኖራል፤ ፓይቴስት የተባለው መሣሪያም ስማቸው በ«ቴስት» የሚጀምሩትን ፋይሎችና ፈንክሽኖች ራሱ ፈልጎ ያስኬዳቸዋል። ሊኑክስ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ኢኖቲፋይ በተባለው ክፍሉ አማካይነት፣ አንድ ፋይል ሲለወጥ ጠባቂ ለሆነው ፕሮግራም ስለሚያስታውቅ፣ እንደ ፓይቴስት ዎቸር ያለው ጠባቂ ዲስኩን ሲበረብር ሳይውል፣ ጸሓፊው ሥራውን ሴቭ ባደረገ ቅጽበት ፈተናዎቹን ሁሉ እንደገና ያስነሣል። ፍርዱም በቀይ ወይም በአረንጓዴ ቀለም ወዲያው ይታያል።

ፈተናው ከኮዱ አስቀድሞ ይጻፍ የሚለውን ልማድ አሜሪካዊው ኬንት ቤክ በ1995 ዓ.ም. በወጣው መጽሐፉ አስፋፋው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩት ዴቪድ ሳፍና ማይክል ኤርንስትም፣ ስሕተት ሳይታወቅ በቆየ መጠን ማረሙ እየከበደ ይሄዳል ከሚል ሐሳብ ተነሥተው፣ ፈተናው ያለ ማቋረጥ እንዲካሄድ በ1996 ዓ.ም. ጥናት አቀረቡ።

ነገሩን በአገራችን ቀመር እንየው። የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት በሆነው በባሕረ ሐሳብ፣ አበቅቴና መጥቅዕ የተባሉትን ቁጥሮች ለማውጣት፣ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረን ዓመተ ዓለሙን እናገኛለን፤ እርሱን በ19 ገድፈን (አካፍለን) ከቀሪው አንድ ስንቀንስ ወንበር የተባለው ቁጥር ይወጣል፤ ወንበሩን በ11 አባዝተን በ30 ስንገድፈው የሚተርፈው አበቅቴ፣ በ19 አባዝተን በ30 ስንገድፈው የሚተርፈው መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ምን ጊዜም 30 ስለሚሆኑ፣ ይህ ድንጋጌ ራሱ የመጀመሪያው ፈተና ይሁንልን። ለ2016 ዓ.ም. ወንበሩ 10፣ አበቅቴው 20፣ መጥቅዑ 10 ሆኖ ፈተናው ያልፋል። 2006ን ስንጨምር ግን ወንበሩ ባዶ ስለሚሆን አበቅቴውም መጥቅዑም 0 ይመጣሉ፤ ማያው ይቀላል። ሊቃውንቱ አበቅቴ በሌለበት ዓመት መጥቅዑ 30 ነው ብለው የደነገጉትን ጸሓፊው ዘንግቶታልና፣ አንድ መስመር ጨምሮ ሴቭ ሲያደርግ አረንጓዴው ይመለሳል።

ከሁሉ የሚረቀው ግን የ2005 ጉዳይ ነው። ዓመተ ዓለሙ 7505 ለ19 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል፣ ወንበሩ በሥርዓቱ 18 ሊሆን ሲገባው ኮዱ ከባዶ ላይ አንድ ቀንሶ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ፓይተንም ከዜሮ በታች ያለውን ቁጥር ሲገድፍ ቀሪውን አዎንታዊ አድርጎ ስለሚመልስ፣ አበቅቴው 19፣ መጥቅዑ 11 ሆነው ድምራቸው 30 ይመጣል። ፈተናው አለፈ፤ መልሱ ግን ሐሰት ነው። ይህን የሚያጋልጠው «የ2005 አበቅቴ 18፣ መጥቅዑ 12 ነው» ብሎ በቁርጥ የሚጠይቅ ሌላ ፈተና ነው። ጠባቂው ፈጣንና ታማኝ ነው፤ ነገር ግን ካልነገሩት በቀር የሚያውቀው አንዳች እውነት የለም። ፍጥነቱም ቢሆን የሚጠቅመው ፈንክሽኖቹ ትንንሽ፣ ፈተናዎቹም በቅጽበት የሚያልቁ ሲሆኑ ነው።

ስለዚህ ከንፋስ መውጫ፣ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ተነሥቶ ፓይተን የሚማር ወጣት ባሕረ ሐሳብን በኮድ ለመጻፍ ቢያስብ፣ የ2005ንና የ2006ን ፈተና ከሁሉ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ትክክለኛውንም መልስ ከኮዱ ሳይሆን ከአገሩ ሊቃውንት ጠይቆ ይቀበል።