«ጫነ» ወይስ «ጠመደ»? ስለ ሌዘር መሣሪያ አሰያየም

ሌዘር እ.ኤ.አ. በ1960 በቴዎዶር ሜይማን ከተሠራ ወዲህ ስሙ በብዙ ቋንቋዎች እንዳለ ተወርሷል፤ በአማርኛም «ሌዘር» መባሉን እንደግፋለን። ጥንቃቄ የሚያሻው ግሡ ነው። የአሜሪካ ጦር 50 ኪሎዋት ሌዘር አድርጎ የሞከረውን ስትራይከር የተባለ ተሽከርካሪ «ሌዘር የጫነ» ብሎ መተርጐም አንባቢን ያሳስታል። በሆሳዕና መናኸሪያ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጓዝ ይጫናል፤ ሲደርስም ይራገፋል። መሣሪያው ግን በተሽከርካሪው ላይ እንዳለ የሚሠራ እንጂ የሚራገፍ ጭነት አይደለም። «ጠመደ» በሬን ለእርሻ፣ መትረየስን ለተኩስ ማሰናዳትን ስለሚገልጽ «ሌዘር የተጠመደበት ተሽከርካሪ» የሚለውን እንመርጣለን። ጥይት ባይኖረውም «ይተኩሳል» ቢባል ያስኬዳል፤ «ተኮሰ» በጋለ ብረት ማቃጠልንም ያመለክታልና፤ ሌዘሩም ዒላማውን የሚጐዳው በሙቀት ነው።