ቦዲቦርድ፦ በደረት የሚተኙበት ሰሌዳና የቢሾፍቱ ሐይቆች

በዚህ ወር የጤናና አመጋገብ አምዳችን በአገራችን ብዙም ስላልተለመደ አንድ የውሃ ስፖርት እናወጋችኋለን፤ ቦዲቦርድ ይባላል። በትንሽ ሰሌዳ ላይ በደረትና በሆድ ተኝቶ፣ ውሃውን በእግር እየመቱ ከማዕበል ጋር ወደ ዳርቻ መንሸራተት ማለት ነው። የዛሬውን ዓይነት ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ1971 በሃዋይ የሠራው ቶም ሞሪ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ሰሌዳው ከቀላል ፎም የሚሠራ ሲሆን ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። መሬት ላይ ሲያቆሙት እምብርትዎ ዘንድ ከደረሰ ለቁመትዎ ይስማማል።

«ታዲያ ቢሾፍቱ ላይ ማዕበል ከየት ይመጣል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ የዚህ ስፖርት ቤቱ ባሕር ነው። ይሁን እንጂ የስፖርቱ መሠረት፣ ማለትም ሰሌዳ ይዞ በእግር መዋኘት፣ በማንኛውም የመዋኛ ገንዳ ሊሠራ ይችላል። ዋና የሚማሩ ሰዎችም የሚጀምሩት በዚሁ ነው፤ የሚጠቀሙበት ሰሌዳ ግን ከቦዲቦርድ ያነሰ ነው።

ለጤና ምን ይጠቅማል?

በእግር መምታቱ የጭንን፣ የመቀመጫንና የባትን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ልብና ሳንባንም በደንብ ያሠራል። ውሃው የሰውነትን ክብደት ስለሚሸከም ጉልበታቸውን ለሚያማቸውና ውፍረት ላላቸው ሰዎች ከሩጫ ይልቅ ይመቻል። በሌላ በኩል በደረት ተኝቶ ቀና ማለት አንገትንና ወገብን ያደክማል። ስለዚህ የወገብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ ጀማሪም በአንድ ጊዜ ከ15 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል።

ከመዋኘት በፊት ሆድን መሙላት ምቾት ይነሳል። አንድ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ በሶ፣ ሙዝ ወይም ጥቂት ተምር መቅመስ በቂ ነው። ውሃ ውስጥ ላብ ስለማይታይ ጥማት ይዘነጋልና ሲወጡ ውሃ ይጠጡ።

አለባበስን በተመለከተ፣ ጀለብያና አባያ ውሃ ሲጠጡ ይከብዳሉ፤ እግር ላይም ይጠመጠማሉ። ገላን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው የዋና ልብስ ለእህቶችም ለወንድሞችም ይሻላል፤ ሰሌዳው ደረትንና ክንድን እንዳይልጥም ይከላከላል። ሻርፕ አንገት ላይ ጠምጥሞ ውሃ መግባት ግን አደገኛ ነው።

ሰሌዳ ነፍስ አያድንም

ከሁሉም በላይ ልናስገነዝባችሁ የምንፈልገው ይህንን ነው። ሆራ፣ ባቦጋያና የቢሾፍቱ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠሩ ጉድጓዶች የተኙ ሐይቆች ናቸው። ስለዚህ ቅርጻቸው እንደ ሳህን ሳይሆን እንደ ማሰሮ ነው፤ ከዳር ጥቂት እንደተራመዱ ወለሉ በድንገት ይጠፋል። የሆራ ጥልቀት 38 ሜትር፣ የባቦጋያ 65 ሜትር፣ የቢሾፍቱ ሐይቅ ደግሞ 87 ሜትር ያህል መሆኑ ተለክቷል። የመጨረሻው ከሃያ ፎቅ ሕንፃ ቁመት ይበልጣል።

ዋና የማይችል ሰው ሰሌዳ ወይም የተነፋ ጎማ ይዞ ሲገባ ተንሳፋፊው ራሱ ወደ ጥልቁ ይወስደዋል። እጁ ካመለጠው ወይም ንፋስ ሰሌዳውን ከነጠቀው እግሩ የሚያርፍበት መሬት የለም። ሰሌዳውን ከክንድ ጋር የሚያያይዘው ገመድም ሊበጠስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ሩብ ያህሉ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው።

ስለሆነም ሐይቅ ከመግባትዎ በፊት በገንዳ ውስጥ፣ ዋና የሚችል ሰው እያየዎት ራስዎን ይፈትኑ፦

1. ያለ ሰሌዳ በጀርባ ለሁለት ደቂቃ መንሳፈፍ ይችላሉን?
2. ያለ ሰሌዳ 50 ሜትር ሳያቋርጡ መዋኘት ይችላሉን?
3. ሆን ብለው ከሰሌዳው ወድቀው፣ ሳይደናገጡ ተመልሰው መያዝ ይችላሉን?

አንዱን እንኳ ካልቻሉ ልምምድዎ እግር በሚደርስበት ገንዳ ይሁን። ቢችሉም ብቻዎን ወይም ንፋስ ሲበረታ አይግቡ። ባሕር ባለበት አገር የምትኖሩ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረት ቢይዛችሁ አትታገሉት፤ ሰሌዳውን ሳትለቁ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆናችሁ ወደ ጎን ዋኙና ከጅረቱ ስትወጡ ወደ ዳር ተመለሱ።

ሰው ሲሰጥም ብታዩ

የሚሰጥም ሰው ብዙውን ጊዜ አይጮህም፤ አፉ ውሃ ውስጥ ስለሚገባ ድምፅ ማውጣት አይችልም። ለማዳን ዘሎ መግባት ሁለት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። እርዳታ እየጠራችሁ ገመድ፣ ረጅም እንጨት፣ ሰሌዳ ወይም ክዳኑ የተጠበቀ ባዶ ጀሪካን ወርውሩለት። ከወጣ በኋላ የማይተነፍስ ከሆነ ዘቅዝቆ ማንጠልጠልም ሆነ ሆዱን መጫን ጊዜ ማባከን ነው። ወዲያው የአፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን እየደጋገሙ መጫን፣ በዚያው ፍጥነትም ወደ ሕክምና ማድረስ ያስፈልጋል።

ወላጆች ሆይ! በሐይቅ ከተማ የሚያድግ ልጅ አንድ ቀን ውሃ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ሰሌዳ ከመግዛታችሁ በፊት ዋና አስተምሩት።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ሰላምና ጤና ይብዛላችሁ።