የግዙፍ ከዋክብት ነፋስ፦ አዳዲስ ከዋክብትን ያዋልዳል ወይስ ያመክናል?

ከጆሃንስበርግ በስተምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በማጋሊስበርግ ኮረብቶች መካከል፣ 26 ሜትር ስፋት ያለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ቆሟል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 የአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳ መንኮራኩሮቹን ለመከታተል የተከለው ይህ መሣሪያ፣ ዛሬ የሃርትቢስሁክ የሬዲዮ አስትሮኖሚ ጣቢያ ዋነኛ ጆሮ ነው።

ጣቢያው ከሚያደምጣቸው ነገሮች አንዱ የግዙፍ ከዋክብት ውልደት ነው። ከዋክብት የሚጸነሱት በአብዛኛው ከሃይድሮጅን ሞለኪውል በተሠሩ፣ እጅግ ቀዝቃዛና ጨለማ በሆኑ ደመናዎች ውስጥ ነው። በደመናው ያለው ሜታኖል በሕፃኑ ኮከብ ሙቀት ሲነቃቃ፣ ሜዘር የተባለ ኃይለኛ የሬዲዮ ሞገድ ይፈነጥቃል። በ2015 ጣቢያው ዓቅራብ በተሰኘው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ካለው የድመት መዳፍ ኔቡላ የሚመጣው ሞገድ በድንገት ሲጎላ መዘገበ። ይህም ገና በማደግ ላይ ያለ ግዙፍ ኮከብ በዙሪያው ያለውን ጋዝ በብዛት የመዋጡ ምልክት ተደርጎ ተወስዷል።

ኮከቡ ሲጎለምስ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጋዝ ይስብ የነበረው ጋዝ ገፊ ይሆናል። ከገጹ የሚነሣው ነፋስ በሰከንድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይከንፋል። ነፋሱ ከደመናው ጋር ሲላተም ሙቀቱ ወደ ሚሊዮኖች ዲግሪ ያሻቅባል፤ የጋለው ጋዝም እንደ አረፋ እየተነፋ ቀዝቃዛውን ጋዝ ወደ ውጭ ይጠርጋል። ተጠርጎ የተከማቸው ጋዝ በአረፋው ዙሪያ እንደ ቅርፊት ይጠጥራል።

የዚህ ግብግብ ፍጻሜ ሁለት መልክ አለው። ቅርፊቱ በበቂ ሁኔታ ከታመቀ በራሱ ስበት ተሰብሮ አዳዲስ ከዋክብትን ይወልዳል። አረፋው ደመናውን ቀዶ ከወጣ ደግሞ የጋለው ጋዝ ያመልጣል፤ ለከዋክብት መሥሪያ ይሆን የነበረውም ጋዝ ይበተናል።

በዚያው በዓቅራብ አቅጣጫ የሚገኘው አርሲደብሊው 120 የተባለ አረፋ ለመጀመሪያው መልክ ምሳሌ ነው። ሶፊያ የተሰኘው በአውሮፕላን ላይ የተገጠመ ቴሌስኮፕ የሰበሰበውን መረጃ መሠረት አድርጎ በ2021 የታተመ ጥናት፣ ቅርፊቱ በሰከንድ 15 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሰፋና ዕድሜውም ከ150,000 ዓመት እንደማይበልጥ አመልክቷል። በጠርዙም አዳዲስ ከዋክብት እየተወለዱ ነው።

ፍኖተ ሐሊብ የተትረፈረፈ ጋዝ እያለው በዓመት የሚወልደው የጥቂት ፀሐዮችን ክብደት ያህል ብቻ ነው። ለዚህ ቁጥብነት ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነፋስ ነው፤ ግዙፉ ኮከብ የተወለደበትን ደመና ራሱ ያፈርሰዋልና።