ነፍሰ ጡር ሴት ስለምትውጠው የሕመም ማስታገሻ

ነፍሰ ጡር ሴት ኮሶ እንዳትጠጣ የአገር እናቶች ከጥንት ጀምረው ይከለክሉ ነበር፤ ጽንስ የሚያስወርድ ብርቱ መድኃኒት መሆኑን በልምድ ያውቁ ነበርና። ዛሬ ከእንጦጦ ጀርባ፥ በጎጃም መንገድ ላይ ባለችው በሱሉልታ የኮሶ ነገር እየተረሳ ሄዶ፥ በምትኩ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የተባሉት ኪኒኖች በየመድኃኒት ቤቱ ይሸጣሉ። በዚያ ብርድ ላም ስታልብና ውሃ ስትቀዳ የዋለች እርጉዝ ሴት ወገቧን ባመማት ጊዜ እነዚህን ብትሻ አይፈረድባትም። ነገር ግን ኪኒኑ በጽንሱ ልብ አጠገብ የሚሠራውን ሥራ ማወቅ ይገባታል።

ጽንስ በማኅፀን ሳለ በሳንባው አይተነፍስም፤ ኦክስጅንን የሚያገኘው ከእናቱ ደም በእንግዴ ልጁና በእትብቱ በኩል ነው። ስለዚህ ከልቡ ወደ ሳንባው ከሚሄደው ደም የሚበዛውን ወደ ዋናው የደም ሥር የምታሻግር አንዲት አጭር መተላለፊያ አለችው፤ ሐኪሞች ዳክተስ አርቴሪዮሰስ ይሏታል። ይህችን መተላለፊያ ክፍት አድርጎ የሚያቆያት ፕሮስታግላንዲን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ሕፃኑ ተወልዶ ሲተነፍስ ግን ይኸው ንጥረ ነገር ይቀንስና መተላለፊያይቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትዘጋለች።

እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ቬን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. አስፒሪንና መሰሎቹ ሕመምን የሚያስታግሡት የፕሮስታግላንዲንን መሠራት በመከልከል መሆኑን ገለጠ፤ በ1982 ዓ.ም.ም የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሆነ። እንግዲህ ኪኒኑ በእንግዴ ልጁ አልፎ ወደ ጽንሱ ሲደርስ፥ የእናቲቱን ወገብ ከልጇ የደም ሥር ለይቶ አያውቅም። መተላለፊያይቱ ያለጊዜዋ ብትጠብ የጽንሱ የልብ ቀኝ ወገን ከዐቅሙ በላይ ይሸከማል፤ ልቡ ሊደክም፥ ከተወለደም በኋላ በሳንባው ውስጥ የደም ግፊት ከፍ ብሎ መተንፈስ ሊያስቸግረው ይችላል። ያለ ቀናቸው በተወለዱ ሕፃናት ዘንድ መተላለፊያይቱ አልዘጋ ስትል፥ ሐኪሞች ራሳቸው እንድትዘጋ አይቡፕሮፌን ይሰጣሉና፥ የመድኃኒቱ ኃይል ከዚህ የተነሣ ይታወቃል።

ይህ አደጋ ይልቁን የሚበረታው ከ7ኛው ወር ወዲህ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. ኪኒኖቹ የጽንሱን ኩላሊት ጐድተው የሽርት ውሃን ስለሚያሳንሱ፥ ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ እንዲቀሩ አሳስቧል። አንዲት ፍሬ የዋጠች ሁሉ ልጇ ተጐዳ ማለት ግን አይደለም፤ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ሲቆም መተላለፊያይቱ ተመልሳ ትሰፋለች። ለደም ግፊት መከላከያ ሐኪም በጥቂት መጠን ያዘዘላትንም አስፒሪን በፍርሃት አታቋርጥ። ለወገብ ሕመም ጤና ጣቢያው ብዙ ጊዜ የሚፈቅድላት ፓራሲታሞልን ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው፥ ኪኒኑን ለመግዛት የሚላከው ባል ወይም ልጅ በሆነ ጊዜ ባለ መድኃኒት ቤቱ የሴቲቱን ሆድ አለማየቱ ነው። ስለዚህ ተላኪው ለነፍሰ ጡር መሆኑን አስቀድሞ ይናገር፤ ሻጩም ለማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ አይስጥ። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው አድቪልም ስሙ ተለወጠ እንጂ ያው አይቡፕሮፌን ነው፤ እርሱንስ የሚጠይቅ ሻጭ እንኳ የለበትም።