ጠጪው እምቢ ቢልስ? ሬቫሃ ለቤተሰቡ ምን ይሠራል?

በየቤታችን ስለ መጠጥ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «እሱ ራሱ ካልፈለገ ምን ይደረጋል?» የሚለው ነው። ግማሹ እውነት ነው፤ ለአዋቂ ሰው የሱስ ሕክምና በመሠረቱ በፈቃድ የሚደረግ ነው። ግማሹ ግን ትክክል አይደለም። እሱ እምቢ ቢልም ሚስቱ፣ ልጁ ወይም እህቱ ብቻቸውን ወደ ከተማቸው ሬቫሃ ሄደው ማኅበራዊ ሠራተኛ ማነጋገር ይችላሉ።

ምን ይነጋገራሉ? ከሥራ ሲቀር «አሞታል» ብሎ መደወልና ዕዳውን መክፈል ቤተሰብ በፍቅር የሚያደርገው ነው። ነገር ግን የመጠጡን ዋጋ ሌላ ሰው ሲከፍል፣ ጠጪው ችግሩ አይታየውም። ሠራተኛዋ የትኛው እርዳታ መቆም እንዳለበት፣ የቤት ኪራዩና የአስቤዛው ገንዘብ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ድብደባ ካለም ወዴት መሸሽ እንደሚቻል አብራ ታቅዳለች።

ሰውየው ራሱ ሲመጣ ደግሞ አትገሥጸውም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊሊያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 ባስተዋወቀው የውይይት ዘዴ መሠረት «ለምን አይተዉም?» ከማለት ይልቅ «መጠጡ ምን ይሰጥዎታል? ምንስ ወሰደብዎት?» ብላ ትጠይቃለች። ሰው በሌላ ሰው ስብከት ሳይሆን ከራሱ አፍ በወጣው ምክንያት ይለወጣል። የአባቶቻችን መልስ ብዙ ጊዜ ከመጠጥ ያልፋል። አገር ቤት ጠላ በበዓል፣ በሰው መሃል ይጠጣ ነበር። እዚህ 40 በመቶ አልኮል ያለው ቮድካ ከሱቅ ተገዝቶ ለብቻ ይጠጣል። ከጀርባው የሥራ ማጣት፣ የክብር መጉደልና ዝምታ ሊኖር ይችላል።

አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፦ ጠርሙሱን መድፋት ሕክምና አይደለም። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ የኩፓት ሆሊም ሐኪም ይየው። ሰውነትን ከአልኮል ማጽዳት የግሚላ መጀመሪያ ብቻ ነው፤ ያለ መጠጥ መኖርን መልመድ ወራትና ዓመታት ይወስዳል።

ብዙዎች «ምስጢራችን ይወጣል» ብለው ይፈራሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የማኅበራዊ ሠራተኞች ሕግ የሰማችውን በምስጢር እንድትይዝ ያስገድዳታል። ሆኖም ገደብ አለው፤ በልጅ ወይም ራሱን መጠበቅ በማይችል ሰው ላይ ጥቃት እንደሚደርስ ካወቀች ማሳወቅ ግዴታዋ ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ ይህን በግልጽ እንድታስረዳችሁ ጠይቋት።

በመጨረሻም፣ ዕብራይስጥ ስለምትችሉ ብቻ ለአባታችሁ አስተርጓሚ አትሁኑ። አባት በልጁ ፊት ውርደቱን አይናገርም፤ ልጅም የሰማውን ሁሉ አይተረጉምም። አማርኛ የሚችል ሠራተኛ ወይም መጋሼር እንዲገኝ ጠይቁ። እናንተ እዚያ ክፍል ውስጥ ልጅ ሆናችሁ ተቀመጡ፤ የሚጠበቅባችሁም ይኸው ነው።